ባናውን ማን ፈተለው?

(የተማሪዎች ማኅበር ባዘጋጀው የሥነ ጥበብ ምሽት፣ ከመሐል ሜዳና ከአካባቢው የመጣን ተማሪዎች ያሰማነው ንግግር)



ከኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ሥዕልና ስለ ቅርጻ ቅርጽ ብዙ አስተምረውናል፤ እናመሰግናቸዋለን። እኛ ግን ሥዕል ይዘን አልመጣንም። ይዘን የመጣነው ከፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋውን ባና ነው። አሮጌ ነው። በአንድ ጎኑ ብል በልቶታል። ቀርቦ ያሸተተው ሰው የበግና የጢስ ሽታ አያጣበትም። ለዚህ ምሽት የማይሆን ነገር አመጡብን ሳትሉ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አድምጡን፤ ከዚያ በኋላ ፍርዱ የናንተ ነው።

አዘጋጆቹ የሰጡን አርእስት «ስደትና የቤተሰብ መለያየት በጨርቃ ጨርቅ ጥበብ» የሚል ነው። መጀመሪያ ስንሰማው የሩቅ አገር ነገር መስሎን ነበር። እያሰብንበት ስንሄድ ግን ነገሩ ከቤታችን አልጋ ላይ ተነጥፎ የኖረ መሆኑን አስተዋልን።

መሐል ሜዳ በመንዝ፣ በጌራ ምድር፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በር ላይ የደሴን አውራ ጎዳና ትቶ ወደ ግራ የሚገነጠል መንገደኛ በመዘዞና በሞላሌ በኩል አልፎ ይደርስባታል። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሜዳውን አመድ የነፋበት አስመስሎት ያድራል። አገሩ የገብስና የበግ አገር ነው። ጥጥ አይበቅልበትም፤ ጥጥ ከቆላ በገበያ የሚመጣ እንግዳ ነው። ስለዚህ የመንዝ ሰው ከጥንት ጀምሮ ብርዱን የመከተው በራሱ በግ ጠጉር ነው። ባና፣ ዝተትና በርኖስ የሚባሉት ልብሶች ከዚሁ የተገኙ ናቸው። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፉ፣ የአማራን ኑሮ ለመግለጽ ጎንደርንና መንዝን በምሳሌነት መርጦ ጽፏል። እኛም ዛሬ ማታ ሁለቱንም ስለምናነሣ ይህን ልብ በሉልን።

ባና እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቁ ጓደኞቻችን ባጭሩ እንንገራቸው። በጉ ይሸለታል። ጠጉሩ ይታጠብና ደርቆ በደጋን ይነደፋል። ከዚያ በኋላ በእንዝርት ይፈተላል። ይህ ሥራ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ አይደለም፤ ከሌላው የቤት ሥራ በተረፈው ሰዓት፣ ማታ ከምድጃ ዳር፣ ቀን ከደጃፍ ላይ፣ ጎረቤት ሊጠይቁ በሄዱበትም ሳይቀር የሚፈተል ነው። ልቃቂቱ ሲበቃ ለሸማኔ ይሰጣል። ሸማኔው ድሩን አድርቶ ማጉን እየወረወረ ይሠራዋል፤ ከዚያም ተሰፍቶ ይጋጠማል። ቀለም አይነካውም። ጥቁሩ የጥቁር በግ ነው፤ ቡናማውም የቡናማ በግ ነው። ስለዚህ ባለቤቲቱ ልብሱን ዐይታ የትኛው ክር ከየትኛው በግ እንደመጣ ልትነግራችሁ ትችላለች። እንግዲህ አንድ ባና የአንድ ቤት መዝገብ ነው ብንል አላጋነንም፤ የከብቱ በረት፣ የሴቶቹ ጣት፣ የሸማኔው እጅና የለባሹ ትከሻ በአንድነት ያሉበት ነው።

አሁን ወደዚህ ወደ ተዘረጋው ባና እንመለስ። ታሪኩ የአንዳችን ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ሁላችንም ጥፋቱን ስለምንካፈለው በ«እኛ» እንናገረዋለን።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ልንመጣ ከመሐል ሜዳ አውቶቡስ በተሳፈርንበት ጧት አባታችን ሊሸኙን መጥተው ነበር። ሰዓቱ ገና ጨለማ ነበር። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ከላያቸው ባናውን አውልቀው በትከሻችን ላይ ጣሉት። «አዲስ አበባ ይበርዳል አሉ» አሉን። አዲስ አበባ ከመንዝ ይልቅ ሞቃት መሆኑን እርሳቸውም ያውቁ ነበር። እኛም እናውቅ ነበር። እርሳቸው በእጀ ጠባብና በአሮጌ ኮት ብቻ ቆመው እጃቸውን ሲያነሡልን ዐየናቸው። አውቶቡሱ ሄደ።

በመኝታ ቤታችን የመጀመሪያው ማታ አንድ የክፍል ጓደኛችን «እዚህ ውስጥ በግ ታስሯል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን። ለክፋት ብሎ የተናገረው አልነበረም፤ ዛሬ ወዳጃችን ነው፣ ከመካከላችሁም ተቀምጧል። ነገር ግን በማግሥቱ ባናውን አጣጥፈን በፌስታል አድርገን ከአልጋ ሥር ከተትነው። ከዚያ በኋላ ጃኬት ገዛን።

በሁለተኛው ዓመት አባታችን ማረፋቸው ተነገረን። ደርሰን ቀብሩ አመለጠን፤ ለቅሶው ላይ ደረስን። በአገራችን ልማድ በለቅሶ ቀን የሟቹ ልብስ ወጥቶ ይታያል፤ አልቃሹም ልብሱን እያየ ይናገርለታል። የአባታችን ኮት ነበረ። በትራቸው ነበረች። እናታችን ዐይናቸውን ከልብሱ ላይ አነሡና ወደኛ ተመለከቱ፤ «ልጄ፣ የአባትህስ ባና?» አሉ። ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ባናው በአዲስ አበባ፣ በአልጋ ሥር፣ በፌስታል ውስጥ ነበር። ስንመለስ አውጥተን ብናየው ብል ይህን ያህል በልቶት አገኘነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን የምንነግራችሁ ልታዝኑልን አይደለም። ያቺ ጥያቄ የተሰጠንን አርእስት ፈጽማ ስላስረዳችን ነው። የለቅሶው ልብስ የሚናገረው አንድ ነገር አለ፤ ሰውየው በሌለበት ልብሱ ይቆማል። ሰው በሩቅ አገር ሲሞትና አስከሬኑ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ሕዝባችን በልብሱ ያለቅሳል። አያቶቻችን ይህን «ሥነ ጥበብ» ብለው አልሰየሙትም። ነገር ግን በዛሬው ዘመን በታላላቅ ከተሞች አዳራሽ ውስጥ ባዶ ልብስ ሰቅለው ስለ ጠፋ ሰው የሚናገሩ ሠዓልያን የሚያደርጉት ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

በሚቀጥለው ዕረፍት እናታችንን «ይህን ባና ማን ፈተለው?» ብለን ጠየቅናቸው። በሕይወታችን የመጀመሪያ ጊዜ መጠየቃችን ነበር። ድሩን እርሳቸው ራሳቸው፣ ማጉን ደግሞ የአባታችን እናት እንደ ፈተሉት ነገሩን። ሁለቱ ያን ክረምት ተኳርፈው እንደ ነበረና ክሩ ተቆጥሮ ሲገጣጠም እንደ ታረቁም ጨመሩልን። «ሸማኔውስ ማን ነበር?» ስንላቸው ግን ዝም አሉ። ፊቱንና ቤቱ የነበረበትን ቦታ ያስታውሳሉ፤ ስሙን አያውቁትም። «ሸማኔው ነዋ፤ ሸማኔው እንለው ነበር» አሉ።

ይህ የእናታችን ጥፋት አይደለም። ሠሪውን በሥራው ስም እየጠሩ፣ የራሱን ስም መርሳት በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን ስንሰድብ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው? አዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗል። ስድቡ ቀንሶ ይሆናል፤ ስሙ ግን ገና አልተጻፈም።

ስም መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ ከሌላ አገር አንድ ታሪክ እንንገረው። በለንደን ከተማ፣ ልጆቻቸውን ማሳደግ ያልቻሉ ድሆች እናቶች ሕፃናታቸውን የሚሰጡበት አንድ ማሳደጊያ እ.ኤ.አ. በ1741 ተከፍቶ ነበር። ልጁ ሲገባ ስሙ ይለወጣል፤ እናቲቱም የራሷን ስም ለመናገር አትገደድም። ታዲያ አንድ ቀን ተመልሳ ልጄን ስጡኝ ብትል በምን ትታወቅ? ከልጁ ልብስ ወይም ከእናቲቱ ልብስ ትንሽ ቁራጭ እየተቆረጠ፣ ቀንና ቁጥር በተጻፈበት ወረቀት ላይ በመርፌ ይያዝ ነበር። ዛሬ እነዚህ ቁራጮች ከ5,000 በላይ ሆነው በመዝገቡ ውስጥ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1767 አንዲት እናት ከልዩ ልዩ ቁራጭ የተሰፋና ልብ የተጠለፈበት ጨርቅ ለሁለት ቆርጣ ግማሹን ከልጇ ጋራ ተወች፤ ግማሹን ይዛ ሄደች። ከ8 ዓመት በኋላ በ1775 ግማሿን ይዛ ተመለሰች። ሁለቱ ግማሾች ገጠሙ፤ ልጇንም ወሰደች።

ታሪኩ እንደዚህ ሁሉ ደስ የሚል ቢሆን መልካም ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1741 እስከ 1760 ድረስ ከገቡት ከ16,000 በላይ ሕፃናት ወደ እናታቸው የተመለሱት 152 ብቻ ናቸው። የቀሩት ጨርቆች እስከ ዛሬ ድረስ ሌላውን ግማሻቸውን ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚያው በለንደን ለሕዝብ በታዩ ጊዜ ተመልካቹ በጨርቆቹ ፊት ቆሞ ያለቀሰው ለጌጣቸው አልነበረም፤ ርካሽ ጨርቆች ናቸው። ያስለቀሰው ከጎናቸው የተጻፈው ቀንና ቁጥር ነው። ጨርቁ ብቻ ቢቀመጥ ቁራጭ ነበር። መዝገቡ ብቻ ቢቀመጥ ወረቀት ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን እናትና ልጅ ሆኑ።

ከለንደን ሳንወጣ ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ፤ የኛም ጨርቅ እዚያው አለና። የሸዋ ነገሥታት ዘር የተነሣው ከመንዝ ነው። ከዚህ ዘር የተወለደው ልጅ ምኒልክ በ1848 ዓ.ም. ገና በ11 ዓመቱ ገደማ ከአገሩ ተወስዶ በመቅደላ ተቀመጠ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጦ ወደ ሸዋ ተመለሰ። ከ3 ዓመት በኋላ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ገደሉ። ያን ጊዜ ሌላ ልጅ ከዚያው አምባ ተወሰደ፤ የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ አብረውት ጉዞ ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን ከመንገድ ላይ ዐርፈው በትግራይ በጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ ብቻውን ባሕሩን ተሻገረ። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተና በዊንዘር ተቀበረ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዐጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም።

ልብሱስ? የእቴጌይቱ ቀሚስ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። የጥጥ ቀሚስ ነው፤ በሐር ተጠልፏል። እ.ኤ.አ. በ2018 የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ለሕዝብ ታይቶ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ እናት በትግራይ ዐፈር ውስጥ፣ ልጅ በዊንዘር፣ የእናት ቀሚስ በለንደን። ይህች ቤተሰብ በሦስት ቦታ ተበትናለች። ከሦስቱ ውስጥ ሰው ቆሞ ሊያየው የሚችለው ቀሚሱን ብቻ ነው።

ከመቅደላ የተወሰደ ሌላም ጨርቅ አለ። በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ታላቁ የጎንደር የሐር መጋረጃ ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ ነው። በጎንደር ዘመን፣ በ18ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። ተመራማሪዎች በላዩ ላይ የተሠሩት ሰዎች ዐፄ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብና ሕፃኑ ኢያሱ ናቸው ይላሉ፤ መጋረጃውንም ከዐፄ በካፋ ሞት ጋራ ያያይዙታል። አባት የሞተበት፣ እናትና ልጅ የቀሩበት ቤተሰብ ማለት ነው። የዚሁ መጋረጃ ሌላ ወገን ነው የሚባለው ደግሞ ውቅያኖስ ተሻግሮ በካናዳ፣ በቶሮንቶ ሙዚየም ይገኛል። ስለ ቤተሰብ መለያየት የተሠራ ጨርቅ ራሱ ተለያይቶ ይኖራል። የነገሥታቱን ስም ሊቃውንት ከሥዕሉ እያነበቡ ሊነግሩን ይሞክራሉ፤ የሸማኔዎቹን ስም ግን የሚነግረን የለም። የቀሚሱን ጥልፍ የጠለፈውም ሰው አይታወቅም። ስለዚህ የእናታችን ዝምታና የታላቁ ሙዚየም ዝምታ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ ብለን ብንናገር እንደ ድፍረት አይቆጠርብን።

አሁን ወደ መሐል ሜዳ እንመለስ፤ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለምና።

መንዝ ልጆቹን ወደ ውጭ ሲልክ የኖረ አገር ነው። ርስቱ ለወንድምና ለእኅት እየተካፈለ ሲጠብ፣ ወታደር ሆኖ የወጣ ወጣ፤ ወደ ደቡብ ወርዶ የሰፈረ ሰፈረ፤ ለትምህርትም እንደኛ የመጣ መጣ። ዛሬ ግን መንገዱ ረዝሟል። እኅቶቻችን ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ በአውሮፕላን፣ አንዳንዶቹ በጅቡቲና በየመን በኩል በእግርና በጀልባ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኅዳር የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ማባረር በጀመረ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን መመለሳቸውን ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህም መሄዱ አልቆመም። በሌላም በኩል ብርድ ልብስ በሚሠራበት በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በቅርብ ዓመታት ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖቻችን በመጠለያ ውስጥ በልመና ብርድ ልብስ ሲያድሩ ዐይተናል።

በመሐል ሜዳና በዙሪያው ባሉ ቤቶች ስንዞር ያስተዋልነውን አንድ ነገር እንንገራችሁ። በብዙ ቤት አልጋ ላይ የምታገኙት ባና አይደለም። ትልልቅ ጽጌረዳ ወይም ነብር የታተመበት ወፍራም የፋብሪካ ብርድ ልብስ ነው፤ ከጂዳ ወይም ከቤይሩት ልጅ የላከችው። አንዲት እናት ቤት ገብተን እንዲህ ያለውን ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ፣ ሳይከፈት፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አገኘነው። እማማ ለምን አይለብሱትም ብለን ጠየቅናቸው። «እሷ ስትመጣ ነው የሚከፈት» አሉን። ሲመሽ በአሮጌው ዝተት ተጠቅልለው ተኙ። እኛም ያን ሌሊት ብዙ አልተኛንም። ላስቲኩ ሳይከፈት የቆመው ብርድ ልብስ የለንደንን ግማሽ ጨርቅ አስታወሰን። ግማሹ መንዝ ነው፤ ግማሹ ጂዳ።

በዚህ መንገድ አንድ ነገር ይገባል፤ አንድ ነገር ይጠፋል። ልጅቷ ከሄደች ጠጉር የሚነድፍ፣ ክር የሚፈትል እጅ ከቤቱ ጎደለ። ብርድ ልብሱ ከመጣ ደግሞ ባና ማሠራት ቀረ። በጉ ለሥጋው ይሸጣል። ሸማኔው ሥራ ሲያጣ እርሱም ራሱ ወደ ከተማ ይሄዳል። ስደቱ ሰውን ብቻ ሳይሆን ስለ ሰው የሚናገረውንም ጨርቅ ይዞት ይሄዳል ማለት ነው።

ይህን የስደት ጉዳይ በጨርቅ የሚናገሩ የኛ ወገን አርቲስቶች ዛሬ በዓለም አሉ። በአሜሪካ የምትኖረው የኢትዮጵያውያን ልጅ ፀዳዬ መኰንን በባሕር መንገድ ላይ ያለቁትን ስደተኞች፣ በተለይም ሴቶቹን፣ የምታስብባቸው ረጃጅም ጨርቆች ሠርታለች። በጨርቆቹ ላይ ከኢትዮጵያ መስቀል ቅርጽ የተወሰዱ መስተዋት መሰል ቁራጮች ተያይዘዋል። ከብርሃን ከሠራቻቸው ዓምዶችም በሟቾቹ ስም የጠራቻቸው አሉ። ልብ በሉ፤ እርሷም የጀመረችው ከስም ነው። በአገር ውስጥ ደግሞ ኤልያስ ስሜ ከኮምፒዩተር ሽቦ በፊት በክርና በመርፌ፣ በሸራ ላይ እየሰፋ የሠራቸው ሥራዎች በታላላቅ ሙዚየሞች ዘንድ ክብር አግኝተዋል። መርፌና ክር ከቀለምና ከብሩሽ ያነሰ ነው የሚለው አስተሳሰብ ጊዜው አልፎበታል። እኛም ባናችንን ከአልጋ ሥር ለማውጣት የፈረንጅ ፈቃድ መጠበቅ የለብንም።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ የሚለውን እናውቃለን። «ሕዝቡ ማዳበሪያና መድኃኒት አጥቶ፣ ልጆቹ በየበረሃው እያለቁ፣ እናንተ ስለ አሮጌ ባና ትናገራላችሁ» ይለናል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ልንሸሸው አንፈልግም። ባና መመዝገብ አንዲት እኅታችንን ከጂዳ አይመልስም። ለሸማኔውም እንጀራ አይሆነውም። ነገር ግን እኛ የምንጠይቀው፣ ስለ ስደት ንግግር በተደረገ ቁጥር የምንሰማው ቁጥር ብቻ እስከ መቼ ነው? 150,000 ብለን አሁን ተናግረናል፤ ከመካከላችን ማን ደነገጠ? በላስቲክ ውስጥ ስለ ቆመችው አንዲት ብርድ ልብስ ስንናገር ግን አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ለሕዝብ እሠራለሁ የሚል ተማሪ ሕዝቡን በስም ካላወቀ ለማን እንደሚሠራ አያውቅም። ደግሞም ባናውን የደበቅን እኛው ነን። የአባቱን ልብስ ያፈረበት ምሁር ነገ ቢሮ ሲቀመጥ የአባቱን አገር ሰው አያፍርበትም ብላችሁ ታምናላችሁ?

ስለዚህ ንግግር ብቻ እንዳይሆን፣ ለማኅበራችን ጉባኤ የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

1ኛ፤ በሚመጣው ዕረፍት ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የመጣን ተማሪዎች ሁሉ፣ እያንዳንዳችን በቤታችን ወይም በጎረቤታችን ያለ አንድ አሮጌ ባና፣ ዝተት ወይም በርኖስ እንጠይቅ። የማን በግ ጠጉር እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ነደፈው፣ ማን እንደ ፈተለው፣ ማን እንደ ሸመነው፣ ማን እንደ ለበሰውና ለባሹ ዛሬ የት እንዳለ በደብተር እንጻፍ። የሸማኔው ስም ከጠፋ ሰፈሩን እንጠይቅ፤ በአንድ ቤት የጠፋ ስም በሌላው ቤት ይገኝ ይሆናል። የኛን ሸማኔ ስም ከሦስተኛው ጎረቤት አግኝተን በደብተራችን ጽፈነዋል፤ ለእናታችንም ነግረናቸዋል።

2ኛ፤ ጨርቁን አንግዛ፤ አንውሰድም። የመቅደላን ታሪክ እያነበብን በትንሹ መቅደላ አንሥራ። ልብሱ ከባለቤቱ ቤት ይቀመጥ። ባለቤቱ ከፈቀደ ግን ከዳር የተፈታች አንዲት ክር ብቻ ወስደን፣ በለንደኑ መዝገብ እንደ ተደረገው፣ ከጽሑፉ ጎን በመርፌ እንያዛት።

3ኛ፤ በልጃቸው የተላከ ብርድ ልብስ ያላቸውም ይጻፉ። እርሱም የዘመናችን ባና ነው። የላከችው ልጅ ስምና የሄደችበት ዘመን እናቲቱ እንደ ፈቀደችው ይመዝገብ። አልፈቅድም ካለች ዝም ብለን ቡናችንን ጠጥተን እንውጣ።

4ኛ፤ ደብተሩ ሲሞላ በመጀመሪያ የሚታየው እዚህ አዲስ አበባ ሳይሆን በመሐል ሜዳ፣ በገበያ ቀን ይሁን። ፈታዮቹና ሸማኔዎቹ መጥተው ስማቸው ሲነበብ ይስሙ። የተሳሳተ ካለ በፊታችን ያርሙን። ከዚያ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይምጣ።

ይህ ከአቅማችን በላይ ነው የሚል ካለ ጓሳን እናሳየው። ከመሐል ሜዳ አቅራቢያ ያለውን የጓሳን ሣር የመንዝ ሕዝብ «ቄሮ» በሚባለው ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይከለከላል፤ ጊዜው ሲደርስ በጋራ ተከፍቶ ሁሉም ለቤቱ ክዳን ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ የጥንቱ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በአዲስ መልክ ደግሞ አቆመው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም በዚያ አሉ። ሣርን ይህን ያህል ዘመን የጠበቀ ሕዝብ ልጆች የአባቶቻቸውን ልብስና የሠሪዎቹን ስም መጠበቅ አቃተን ብንል ማን ያምነናል?

ንግግራችን አልቋል። ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ጠረጴዛው ቀርባችሁ ባናውን ንኩት፤ ማሽተትም አልተከለከለም። ብል የበላውን ጎን አልሰፋነውም። ልንሰፋው ክር ገዝተን ነበር፤ እናታችን «የፋብሪካ ክር አይዝለትም፤ ይዘኸው ና፣ እኔ እፈትልለታለሁ» አሉን። ፈተና እንዳለቀ ወደ መሐል ሜዳ ይዘነው እንሄዳለን። በዚህ ጊዜ በፌስታል አይደለም፤ በትከሻችን ላይ ነው።